ቴክኒካዊ ዕዳ ምንድን ነው?

ሶፍትዌር የሚያሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ ዐምና በሁለት ቀን ያልቅ የነበረ ለውጥ ዘንድሮ ለምን ሦስት ሳምንት ይፈጃል? ሠራተኞቹ ያው ናቸው፤ ኮምፒውተሮቹም ተሻሽለዋል። የተጠየቀውም በደረሰኙ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ቴክኒካዊ ዕዳ ነው፤ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ ወይም ነገሩ ገና በቅጡ ሳይገባን በኮዱ ውስጥ የተውነው፣ ከዚያ ወዲያ በሚደረግ ለውጥ ሁሉ ላይ ተጨማሪ ድካም የሚያስከፍል ጉድለት ማለት ነው። ድካሙ ወለዱ ነው፤ ጉድለቱን ከሥሩ ማስተካከል ደግሞ ዋናውን መክፈል።

ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ዋርድ ከኒንግሃም ከተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። ከኒንግሃም ያኔ ዋይካሽ በሚባል የኢንቨስትመንት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ይሠራ ስለነበር፣ የተጻፈ ኮድ ለምን እንደገና እንደሚጻፍ ለአለቃው ያስረዳው የገንዘብ ሰዎች በሚያውቁት መንገድ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዛሬ በገባን መጠን ጽፈን ለተጠቃሚ እናደርሳለን፤ ከአጠቃቀሙ ስንማር ደግሞ ኮዱን አዲስ ከገባን ነገር ጋር እናስማማለን። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከዘለልነው ወለዱ ይቆጥራል። ዝርክርክ ኮድ ጽፎ ማለፍን ግን እንዳልደገፈ ከዓመታት በኋላ ራሱ ግልጽ አድርጓል። ዛሬ ስሙ ለማንኛውም ግዴለሽነት ጨዋ መሸፈኛ መሆኑ ለእኔ አይዋጥልኝም። ተበዳሪ ቢያንስ መበደሩን ያውቃል።

ዕዳ ከስህተት ይለያል። እንበልና በ2012 ዓ.ም. አንድ ፕሮግራመር ለአንድ ድርጅት የብድር አከፋፈል ሥርዓት ሠራ። የተጠቀመበት የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቀው የፈረንጆቹን የዘመን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ የእኛን ቀን በራሱ ስሌት አስገባ፤ ጊዜ ስላጠረውም ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ ጻፈ። 2012፣ 2013 እና 2014 በሰላም አለፉ። በ2015 ጳጉሜን ስድስት ሆነችና የደንበኞች ቀን ተዛባ። ይህ ስህተት ነው፤ አንድ መስመር ተስተካክሎ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዕዳው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያ ስሌት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሌሎቹ ክፍሎች እንዲጠሩት ከመደረግ ይልቅ ለሪፖርቱ፣ ለደረሰኙ፣ ለቅጣት ስሌቱና ለማስታወሻ መልእክቱ እየተገለበጠ ተለጥፏል፤ አንዱ ገልባጭ ትንሽ ለውጦታል፣ ሌላው ቀኑን በዳታቤዙ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀምጦታል። አሁን አንዱን መስመር ለማረም ግልባጮቹን በሙሉ ማደን፣ ሆን ተብሎ የተለየውን በስህተት ከተለየው መለየት፣ ከዚያም ሁሉንም መፈተሽ የግድ ነው። ሦስቱ ሳምንት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ዕዳም አለ። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም እስኪካተት ድረስ፣ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ እየደረቡ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አደራደር ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። የጋራ መለያ ባልነበረበት ጊዜ ሌላ ምን ይደረግ? እነዚያ ሰዎች ባይደፍሩት ኖሮ በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ጋዜጣ ብዙ ዘመን በዘገየ ነበር። ቢሆንም ወለዱ ቀርቷል፤ የቆዩ ፋይሎች ያሉት ሰው ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ መፈለግ፣ ካልሆነም እንደገና ማስተየብ አለበት።

ዕዳው ድንገት የተጠየቀበት አጋጣሚ ቢፈለግ የናይት ካፒታል ታሪክ ይበቃል። ኩባንያው በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ትልቅ አገበያይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አገልግሎት ያቆመ ፓወር ፔግ የሚባል አሮጌ ኮድ ከሰርቨሮቹ ሳይጠፋ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ተግባር ሲጨመር፣ አሮጌውን ኮድ ያነቃ የነበረው ምልክት ለአዲሱ ተግባር ዋለ። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ተጫነ፤ አንዱ ተረሳ። ሐምሌ 25 ቀን (በፈረንጆቹ ኦገስት 1) ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ያለው አሮጌ ኮድ ምልክቱን አይቶ ነቃና ማቆሚያ የሌለው ትእዛዝ ይልክ ጀመር። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ኩባንያው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያን ኮድ መሰረዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ሥራ የሚሠራ አልተገኘም።

ለምን አልተገኘም? ዕዳ መክፈል በሪፖርት ላይ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ1982 በአፕል ኩባንያ ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር የሚሠሩ መሐንዲሶች በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ በቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ። ቢል አትኪንሰን በዚያ ሳምንት የሥዕል ማሳያውን አንድ ክፍል እንደገና ጽፎ ፍጥነቱን ስድስት እጥፍ ገደማ ሲያሳድግ ኮዱን በ2,000 መስመር አሳጥሮት ነበር። ቅጹ ላይ ከዜሮ በታች 2,000 ብሎ ሞላ። አለቆቹ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው እሱን ቅጽ ማስሞላት ተዉ። አሁን መስመር የሚቆጥር አለቃ እምብዛም የለም፤ የተዘጋ የሥራ ትእዛዝ የሚቆጥረው ግን ሞልቷል፣ ነገሩም ያው ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 ባደረገው ዓመታዊ ጥናት ለጥያቄው መልስ ከሰጡት ባለሙያ ፕሮግራመሮች 62 በመቶው በሥራ ላይ የሚያስመርራቸው ቴክኒካዊ ዕዳ መሆኑን ሲናገሩ፣ ቀጥሎ የመጣው ምሬት የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። በስታክ ኦቨርፍሎው የ2025 ጥናት ከመላሾቹ 84 በመቶው መሣሪያዎቹን እንደሚጠቀም ወይም ሊጠቀም እንዳሰበ ተናግሯል። ቁጥር አንድ ቅሬታው ደግሞ ልክ ሊሆን ትንሽ የቀረው መልስ ነው፤ 66 በመቶው ይህን ጠቅሷል። ትንሽ የቀረው ኮድ እንደሚሠራ ሆኖ ያልፋል፣ ጳጉሜን ስድስት እስክትሆን ድረስ። ሜትር የተባለው የምርምር ተቋም በዚያው ዓመት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በሚያውቋቸው ትልልቅና ነባር ፕሮጀክቶች ላይ 246 ሥራዎችን ሲሠሩ ተመልክቶ ነበር። መሣሪያው በተፈቀደበት ሥራ 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰዱ፤ እነሱ ግን ከጨረሱም በኋላ 20 በመቶ ያህል የፈጠኑ ይመስላቸው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መሣሪያዎቹም ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ አይረባም የሚል ብያኔ አላወጣበትም። እኔን የሚያሳስበኝ በስሜቱና በሰዓቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ብድር እንዲህ ሲቀል፣ የፈጠነ የመሰለው ሰው መበደሩን በምን ያውቃል? ያልጻፈውንና በቅጡ ያላነበበውን ኮድ ሲያስገባ ከኒንግሃም ያለው መማር ራሱ ይዘለላል።

ዕዳ ሁሉ ይከፈል ማለትም ሞኝነት ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚጣል የሙከራ ሶፍትዌር ላይ ማንም ወለድ አይከፍልም። አስቀያሚ ሆኖ በትክክል የሚሠራ፣ ለዓመታት ማንም መለወጥ ያላስፈለገው ፋይልም እንዳለ ይቆይ። የናይት ካፒታሉ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ሥራ ፈትቶ ግን ሊጠራ በሚችልበት ቦታ የተቀመጠ ነበርና መድኃኒቱ ማሳመር ሳይሆን መሰረዝ ነው። ወለዱ የሚበላው በየሳምንቱ የሚነካው ኮድ ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለ መሣሪያ እያንዳንዱ ፋይል ስንት ጊዜ እንደተለወጠ መዝግቦ ይዟል። ብዙ ጊዜ የተለወጡትን አምስት ወይም ስድስት ፋይሎች አውጥቶ፣ ከመካከላቸው ፕሮግራመሮቹ ለመንካት የሚፈሩት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው።