ከካሮት ባሻገር፦ ስለ ዓይንና አእምሮ ምግብ የሚነገሩ ስሕተቶች

ካሮቲኖይድ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። በጎጃም ስለ እርሱ ከሚባለው ጥቂቱን እንይ።

«ካሮት የበላ መነጽር አይሻም።» በካሮት ያለው ቤታ ካሮቲን የተባለው ካሮቲኖይድ በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለሚለወጥ፣ በዚህ ቫይታሚን እጥረት ለሚመጣ ዳፍንት ይረዳል። ሩቁ ለሚደበዝዝበት ሰው ግን መፍትሔው መነጽር ነው። ትራኮማንም ካሮት አያስቆመውም።

«ጎመን የድሃ ምግብ ነው፤ ደግሞስ ቢጫው የታለ?» «ጎመን በጤና» እያለ የሚመርቅ ሕዝብ ጎመንን ሲንቅ አይገባኝም። ቢጫው አለ፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። የሐበሻ ጎመን ሉቲን የተባለው ካሮቲኖይድ ሞልቶበታል። ሉቲን በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ መካከል፣ ፊደል በምንለይበት ቦታ ተጠራቅሞ ሰማያዊ ብርሃንን ያጣራል። ሰውነታችን ሉቲንን መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። በገበያ የሚከበረው ጥቅል ጎመን ነጭ ልቡ ግን ከዚህ እምብዛም የለውም።

«በጾም ቅቤ ስለሌለ ጎመኑ ከንቱ ነው።» ካሮቲኖይድ ያለ ስብ በደንብ እንደማይዋሐድ እውነት ነው። ታዲያ የኑግ ዘይት ምን አጠፋ? ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት አቁላልቶ፣ የተቀቀለውንና በደቃቁ የተከተፈውን ጎመን መጨመር ነው። መቀቀሉና መክተፉ የቅጠሉን ሕዋስ ይሰብራል፤ ዘይቱ የወጣውን ያሟሟል። «ጥሬው ይበልጣል» የሚሉም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

«እንገር ቆሻሻ ነው፤ ታልቦ ይደፋ።» ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የመጀመሪያው የእናት ጡት ወተት የሚቢጫው በካሮቲኖይድ ብዛት ሲሆን፣ መጠኑ በኋላ ከሚመጣው ወተት ይበልጣል። በሕፃን አእምሮ ውስጥ ከሚገኘው ካሮቲኖይድ ከግማሽ በላዩ ሉቲን ነው። እናት የበላችው ጎመንና ዱባ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ እንገሩን የደፋ ሰው ይህንን ነው የደፋው። ሉቲን በአረጋውያንም አእምሮ ውስጥ ይገኛል፤ የመርሳት በሽታን ያስቀራል ብሎ መማል ግን ገና ነው።

«ክኒኑ ከምግቡ ይሻላል።» በ1994 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የፊንላንድ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን በወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር እንደበዛ አሳይቷል። አጫሽ ያለ ሐኪም አይንካው።

«መዳፉ ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ ነው።» ካሮት ወይም ዱባ ያዘወተረ ሰው መዳፉ ሊቢጫ ይችላል፤ ሲቀንስ ይለቀዋል። የዓይኑን ነጭ ክፍል እዩ። ነጭ ከሆነ ምግቡ ነው፤ እርሱም ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።