ሥርወ ቃል ምንድን ነው?

«አራዳ ማለት በመሠረቱ የሰፈር ስም ነው፤ ሰውን አራዳ ማለት ስህተት ነው» የሚል ተከራካሪ ሥርወ ቃል የጠቀሰ ይመስለዋል። ሥርወ ቃል ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም።

ሥርወ ቃል የቃል የትውልድ ሐረግ ነው፤ ቃሉ ከየት እንደተነሣ፣ በማን በኩል እንዳለፈ፣ በመንገዱ ላይ ድምፁና ፍቺው እንዴት እንደተለወጠ ይነግረናል። ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስኑት ተናጋሪዎቹ ናቸው። የአንድን ሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥሩ ሙያውን አታውቁም።

አራዳ በአዲስ አበባ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው አካባቢ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው ገበያና ሰፈር መጠሪያ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ከሰፈሩ «የአራዳ ልጅ» ተባለ፤ ኋላ «የ» እና «ልጅ» ተራግፈው ቃሉ ቅጽል ሆነ፦ ነቃ ያለ፣ የከተማ ኑሮ የገባው። ፒያሳን ረግጦ የማያውቅ ሰውም አራዳ ይባላል። ይህ የቋንቋ መበላሸት አይደለም፤ የቦታ ስም የጠባይ ስም ሲሆን የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው።

ጠረጴዛ ደግሞ የጉዲፈቻ ልጅ ነው። የግሪኩ «ትራፔዛ» ጥንት «ባለ አራት እግር» ማለት ነበር። «እውነተኛ ፍቺው» ያ ከሆነ ባለ አንድ እግሩን የካፌ ጠረጴዛ ምን እንበለው? በዛሬው ግሪክኛ ቃሉ ባንክም ማለት ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ከሚሠሩበት ጠረጴዛ የተነሣ። ሁለቱ ወንድማማቾች በየቤታቸው ልክ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው መልክ አይቶ ማዛመድ ነው። የአዲስ አበባውን ሰፈር ካዛንቺስን በአማርኛ ብትከታትፉት ምንም አታገኙም፤ «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ምህጻረ ስም ነው። «ምሥራቅ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎ ከሌብነት ጋር የሚያዛምድም እንዲሁ ይስታል። በግዕዝ ሠረቀ (በንጉሡ ሠ) «ወጣ» ማለት ነው፣ ሰረቀ (በእሳቱ ሰ) ግን ሌላ ሥር ነው፤ ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ ነው። ፊደል ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ የድሮ ብራናዎችም ሁለቱን ያቀላቅላሉ። ስለዚህ ዘመድ ቋንቋ ይጠየቃል፤ ዐረብኛ መውጣትን «ሸረቀ»፣ መስረቅን «ሰረቀ» ብሎ ስለሚለይ ጉዳዩ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ምስክር ያልተገኘለት ቃል ግን ሐረጉ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።