ለሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ የሚሰጥ የሞኖክሎናል አንቲቦዲ ሕክምና

ሥር የሰደደ የደም ካንሰር በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። ማይሎይድ የሚባለው (ሲኤምኤል) እንደ ኢማቲኒብ ባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ይታከማል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የብዙ ሕመምተኞች የግሊቬክ (የኢማቲኒብ የንግድ ስም) ክትትል ለዚሁ ነው። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድ ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን፣ የሚታዘዘው ለሁለተኛው፣ ለሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ (ሲኤልኤል) ነው።

በሲኤልኤል ቢ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጊዜያቸው ሳይሞቱ በደም፣ በመቅኔ፣ በንፍፊትና በጣፊያ ይከማቻሉ። በሽታው የሚረጋገጠው ከአንድ ሕዋስ የተባዙ ቢ ሊምፎሳይቶች በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 5,000 ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ቢያንስ ሦስት ወር ሲቆዩ ነው። ይሁንና ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ሕክምና አይጀመርም። ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ10 ግራም ሲወርድ፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) በማይክሮ ሊትር ከ100,000 ሲያንስ፣ ጣፊያ ከጎድን በታች 6 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያብጥ፣ ወይም የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ሲከተል ይጀመራል። ያለ ምልክት ቶሎ መጀመር ዕድሜ እንደሚጨምር አልታየም።

አንድ ዒላማ ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ በብዛት የማምረቻ ዘዴ በ1975 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ በጆርጅ ኮህለርና በሴዛር ሚልስታይን ተገኘ። ከእነዚህ አንቲቦዲዎች አንዱ የሆነው ሪቱክሲማብ በአሜሪካ ለሊምፎማ (ለንፍፊት ካንሰር) በ1997፣ ለሲኤልኤል ደግሞ በ2010 ተፈቀደ። በሕዋሱ ላይ ካለው ሲዲ20 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና የሕመምተኛውን የራሱን መከላከያ ይጠራል፤ ገዳዮቹ በዋናነት የመከላከያ ሕዋሳቱና ኮምፕሊመንት የተባሉት የደም ፕሮቲኖች ናቸው። በሲኤልኤል ሕዋስ ላይ ሲዲ20 ስስ በመሆኑ መድኃኒቱ ለብቻው ብዙ አይራመድም፤ ከሌላ ጋር ይጣመራል። በ2013 የተፈቀደው፣ በዚያው በሲዲ20 ላይ የሚሠራው ኦቢኑቱዙማብ ሕዋሱን በቀጥታም የመግደል አቅሙ ይበልጣል። ሲዲ52 በተባለ ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚሠራው አለምቱዙማብ ከ2001 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቶ በ2012 ለዚህ በሽታ ከገበያ ወጥቷል። ቲ ሊምፎሳይትንም ስለሚጠርግ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ደጋግሞ ይቀሰቅስ ነበር።

ከባድ ጉዳት ከሚያስከትሉት ስህተቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱ በደም ሥር ለመስጠት ከመንጠልጠሉ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው። ቀዳሚው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ከዓመታት በፊት ይዞት የዳነ የሚመስል ሰው በጉበቱ ተኝቶ የቀረ ቫይረስ ሊኖረው ይችላል፤ ቢ ሕዋሳት ሲጠፉ ይነሳና ጉበትን እስከ ሞት ያደርሳል። ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳየውን ኤችቢኤስ አንቲጂንን ብቻ መርምሮ ማለፍ አይበቃም፤ ቀድሞ መያዝን የሚያሳየው የኮር አንቲቦዲውም መታየት አለበት። አንዱ ከተገኘ ፀረ ቫይረስ የሆነው ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር አስቀድሞ ይጀመራል፤ ከመጨረሻው አንቲቦዲ በኋላም ቢያንስ ለ12 ወር ይቀጥላል። ጉበቱ ደህና ነው ብሎ ቶሎ ማቆም በሽታውን መልሶ ይጠራል።

ሁለተኛው አደጋ ብዙ ሕዋስ በአንድ ጊዜ ፈርሶ ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ ኩላሊትን ሲያጥለቀልቅ የሚመጣው ነው። ሊምፎሳይቱ ከ25,000 በላይ ከሆነ ወይም ንፍፊቱ ትልልቅ ከሆነ ይጠበቃል። ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከአንድ ቀን በፊት ይጀመራል፣ ፈሳሽ በብዛት ይሰጣል። የሚጾም ሕመምተኛ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ በእነዚያ ቀናት ውኃ መተው እንደማይችል ሳይጠይቅ ሊነገረው ይገባል።

ሪቱክሲማብ ከኬሞቴራፒ መድኃኒቶቹ ከፍሉዳራቢንና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ሲሰጥ መጠኑ በመጀመሪያው ዙር 375 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር፣ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው 500 ነው፤ ዙሩ በየ28 ቀኑ ነው። የሰውነት ስፋቱ 1.7 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው መጀመሪያ 640 ያህል፣ ቀጥሎ 850 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ብልቃጦቹ የ100 እና የ500 ሚሊ ግራም ናቸው፤ በኖርማል ሳላይን ወይም በ5 በመቶ ደክስትሮዝ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 4 ሚሊ ግራም እንዲሆን ይበረዛል። ፕሮቲን ስለሆነ አይናጥም፣ በረዶ አይነካውም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል።

ፓራሲታሞልና ፀረ አለርጂ ከ30 ደቂቃ በፊት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ፍጥነት በሰዓት 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ችግር ከሌለ በየ30 ደቂቃው 50 እየተጨመረ እስከ 400 ይደርሳል። ምንም ባያጋጥም እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ መጀመር የማይመከረውም ለዚህ ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ የግፊት መውረድና የትንፋሽ ማጠር የሚበዙት በዚሁ ቀን ነው። መፍትሔው ማቆም፣ ማከም፣ ምልክቱ ሲጠፋ በግማሽ ፍጥነት መቀጠል ነው። ሊምፎሳይቱ እጅግ ከፍ ካለ የመጀመሪያው መጠን ለሁለት ቀን ይከፈላል።

በኦቢኑቱዙማብ ይህ የመጀመሪያ ቀን ምላሽ ይብሳል። ስለዚህ 100 ሚሊ ግራም በመጀመሪያው ቀን በሰዓት በ25 ሚሊ ግራም ፍጥነት፣ ሳይፋጠን በአራት ሰዓት፤ 900 በሁለተኛው ቀን፤ 1,000 በ8ኛውና በ15ኛው ቀን፤ ከዚያ በየዙሩ 1,000 እስከ ስድስተኛው ይሰጣል። መጠኑ በሰውነት ስፋት አይሰላም። የሚበረዘው በሳላይን ብቻ እንጂ በደክስትሮዝ አይደለም። ቅድመ መድኃኒቱ 20 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ነው፤ በየዋርዱ የሚገኘው ሃይድሮኮርቲሶን ለዚህ አይተካውም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከ12 ሰዓት በፊት ጀምሮ እንዲያቆም ሊታሰብ ይችላል፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው።

ቲፒ53 የተባለው፣ ካንሰርን የሚከላከለው ጂን ጉድለት ያለበት በሽታ ለኬሞቴራፒው ጥምረት በደንብ አይመልስም፤ ምርመራው ካለ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መሠራት አለበት። ከ2019 ጀምሮ የተፈቀደው ኦቢኑቱዙማብ ከሚዋጠው ቬኔቶክላክስ ጋር ኬሞቴራፒን ትቶ በ12 ዙር የሚያበቃ ነው። ቬኔቶክላክሱ በመጀመሪያው ዙር በ22ኛው ቀን በ20 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በአምስት ሳምንት ወደ 400 ይወጣል።

ሕክምናው ካለቀ በኋላም የቢ ሕዋሳት እጥረት ለወራት ይቆያል። አልማዝ ባለጭራና ተደጋጋሚ የሳንባ ምች ይበዛሉ፤ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ) ከሳምንታት በኋላ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ትኩሳት ሲመጣ ደም መቁጠር ይቀድማል። እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች አይሰጡም። ሕያው ያልሆኑት፣ የሳንባ ምቹንና ኢንፍሉዌንዛውን ጨምሮ፣ ቢቻል ሕክምናው ከመጀመሩ አራት ሳምንት በፊት ይሰጣሉ፤ ከተጀመረ በኋላ ሰውነቱ ለክትባቱ በቂ ምላሽ የመስጠት አቅሙ ይደክማል።