«ከሊግ ቱ መውረድ የለም» ለምትሉ፦ ስለ ስኮትላንድ ታችኛ ሊጎች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

አዲስ የውድድር ዘመን በተቃረበ ቁጥር ስለ ስኮትላንድ ሊግ ቱ (የአገሪቱ አራተኛ እርከን) አንድ አባባል ተመልሶ ይመጣል፦ «ከዚያ በታች የሚወረድበት ስለሌለ መጨረሻ የሚወጣው ክለብ ምንም አይሆንም፤ ከማርች በኋላ ያሉት ጨዋታዎች ለመርሐ ግብር ማሟያ ናቸው።» የሚያናድደው፣ ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ኳስ በደንብ የሚከታተሉ ሰዎች መሆናቸው ነው። አባባሉ እስከ 2014 ድረስ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ክለቦችን ከነታሪካቸው ከሊጉ ያስወጣ ስህተት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ቢያንስ እስከ 2025 ድረስ እንዲህ ነበር። ከ2014–15 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከሊግ ቱ ቀጥሎ በታች ያሉት የሃይላንድ ሊግና የሎውላንድ ሊግ ሻምፒዮኖች በደርሶ መልስ ይገናኙ ነበር። ያሸነፈው ከሊግ ቱ 10ኛ ከወጣው ክለብ ጋር ሌላ ደርሶ መልስ ይጫወት ነበር። በድምር ውጤት እኩል ከሆኑ ተጨማሪ ሰዓት፣ ከዚያም መለያ ምት ነበር። ተፎካካሪው ካሸነፈ ቦታ ይቀያየሩ ነበር።

በ2015 ሞንትሮዝ ብሮራ ሬንጀርስን በድምር 3 ለ 2 አሸንፎ ለጥቂት ተረፈ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የሊግ ቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2016 ኢስት ስተርሊንግሻየር በኤድንብራ ሲቲ በድምር 2 ለ 1 ተሸንፎ ወረደ። በሁለቱ ክለቦች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ግብ ጉዳይ ነበር፤ አንዱ ሻምፒዮን ሆነ፣ ሌላው በ2025ም ገና አልተመለሰም ነበር። ከዚያ በ2019 ቤሪክ ሬንጀርስ በኮቭ ሬንጀርስ በድምር 7 ለ 0 ተጠራርጎ ወጣ። ብሬቺን ሲቲ በ2021፣ ካውደንቢዝ በ2022፣ አልቢየን ሮቨርስ በ2023፣ ቦኒሪግ ሮዝ በ2025 ተከተሉ። እስከ 2025 ድረስ ውድድሩ አሥር ጊዜ ተካሂዷል (በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አልነበረም)፤ በስድስቱ የሊግ ቱው ክለብ ተሸንፏል። «ምንም አይሆንም» የሚባለው ይህ ነው።

የሊግ ቱው ክለብ ይህን ያህል የሚሸነፈው ለምንድን ነው? ተፎካካሪው ሊጉን አሸንፎ፣ አንድ ደርሶ መልስም አልፎ፣ ማሸነፍ ልማዱ ሆኖ ይመጣል። የሊግ ቱው ክለብ ግን ወራት ሙሉ ሲሸነፍ ከርሟል፤ ተጫዋቾቹም ክለቡ ከወረደ ኮንትራታቸው ምን እንደሚሆን እያሰቡ ነው የሚገቡት። «ትልቁ ሊግ ውስጥ ስላለ ያሸንፋል» ብሎ መገመት የሰንጠረዡን ስም እንጂ የቡድኑን ሁኔታ አለማየት ነው።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ ከመውረጃው ይልቅ ጠባብ ነበር። የወረደ ክለብ አንደኛ መውጣት፣ የሌላውን ሊግ ሻምፒዮን ማሸነፍ፣ ከዚያም የሊግ ቱውን መጨረሻ ማሸነፍ ነበረበት። ብሬቺንን ተመልከቱ። በ2017–18 በሻምፒዮንሺፑ (በሁለተኛው እርከን) 36 ጨዋታ አድርጎ አንድም ሳያሸንፍ በ4 ነጥብ ወረደ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሊግ ቱም ወጣ። በ2022–23 የሃይላንድ ሊግን አሸነፈ፤ ግን በሎውላንድ ሊግ ሻምፒዮኑ በስፓርታንስ ተሰናክሎ እዚያው ቀረ። ሻምፒዮን መሆን ብቻውን አልበቃውም።

ስለዚህ የሚመጣውን የውድድር ዘመን የሚከታተል ሰው ዓይኑን ከላይ ብቻ አያድርግ። ሊጉ 10 ክለብ ስላለው እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ጋር አራት ጊዜ ይጫወታል፤ ሁለቴ በሜዳው፣ ሁለቴ ከሜዳው ውጪ። 36ቱ ጨዋታ ማለት ዘጠኝ ዘጠኝ ጨዋታ ያላቸው አራት ዙሮች ናቸው። ሁለት ላለመውረድ የሚታገሉ ክለቦች እርስ በርስ ብቻ 12 ነጥብ ይፎካከራሉ ማለት ነው። በአራተኛው ዙር መካከል የታችኞቹ ሦስት ክለቦች ስንት የእርስ በርስ ጨዋታ እንደቀራቸው ቁጠሩ፤ ከነጥቡ ይልቅ ይህ የሚናገረው ይበልጣል። የታችኛው እርከን አደረጃጀት ስለሚሻሻል የዓመቱን የመውረድና የማደግ ደንብ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ከሊጉ ይፋ ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የአምናውን በቃል ይዞ መከራከር አይሠራም።

ሌሎቹን ስህተቶች ደግሞ አንድ በአንድ እንይ። «ሁለተኛ የወጣ ያድጋል።» አያድግም። በቀጥታ የሚያድገው አንደኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ አራተኛው ደግሞ ከሊግ ዋን (ከሊግ ቱ አንድ እርከን በላይ) ዘጠነኛው ጋር በደርሶ መልስ ይጫወታሉ፤ አሸናፊዎቹ በሌላ ደርሶ መልስ ለአንድ ቦታ ይፎካከራሉ። በ2023–24 ስቴንሃውስሚዩር አንደኛ ሆኖ አደገ። ሁለተኛው ፒተርሄድ እዚያው ቀረ፤ ያደገው አራተኛው ደምባርተን ነው። ከሜዳ ውጪ የገባ ግብ እንደ ሁለት አይቆጠርም፤ ይህንንም እየተሳሳቱ የሚያሰሉ አሉ። በመደበኛው ሰንጠረዥ ግን እኩል ነጥብ ያላቸውን የሚለየው የግብ ክፍያ ስለሆነ፣ 4 ለ 0 እየመሩ አምስተኛ ግብ መፈለግ ከንቱ ድካም አይደለም።

«ሊግ ቱ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው።» አራተኛ ነው። ከላይ ፕሪሚየርሺፕ (12 ክለብ)፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን፣ ሊግ ቱ (አሥር አሥር)፤ በድምሩ 42።

«ሊጉ በመጨረሻ ለሁለት ይከፈላል።» ያ ከ33 ጨዋታ በኋላ በፕሪሚየርሺፕ ብቻ የሚደረግ ነው።

«ሬንጀርስ በ2012 ወረደ።» በውጤት አልወረደም። ድርጅቱ ሲከስር አዲሱ ድርጅት ለአባልነት አመለከተ፤ የእግር ኳስ ሊጉ ክለቦችም ድምፅ ሰጥተው በአራተኛው እርከን አስገቡት። በሜዳው በአይብሮክስ ከኢስት ስተርሊንግሻየር ጋር ሲጫወት ከ49,000 በላይ ሰው ገብቷል።

«ነጥብ የሚገኘውም የሚጠፋውም በሜዳ ላይ ብቻ ነው።» ደምባርተን በ2024–25 በገንዘብ ችግር በአስተዳዳሪ እጅ ሲገባ 15 ነጥብ ተቀንሶበት ከሊግ ዋን ወረደ። በዚያው ዓመት ቦኒሪግ ሮዝ ተዳፋት የሆነ ሜዳውን ባለማስተካከሉ 6 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በመጨረሻም 10ኛ ወጥቶ ከሊጉ ተሰናበተ። ግምት ከመስጠታችሁ በፊት የክለቡን የገንዘብ ሁኔታና የሜዳውን ጉዳይ መጠየቅ ግዴታ ነው።

«ሰው ሠራሽ ሣር ተከልክሏል።» የተወሰነው ከ2026–27 ጀምሮ ለፕሪሚየርሺፕ ብቻ ነው። ሞንትሮዝ፣ ፎርፋር፣ አሎዋና አናን በሰው ሠራሽ ሣር የሚጫወቱ ክለቦች ናቸው። ግን ሰው ሠራሽ ሣርም ውርጭ ሲበረታ ይጠነክራል፤ ከመሬት በታች ማሞቂያ የግድ የሚባለውም በላይኛው ሊግ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ዳኛ ጠዋት ሜዳውን ፈትሾ ጨዋታ ማራዘሙ የተለመደ ነው። የተራዘመው ጨዋታ በሥራ ቀን ማታ ሲደረግ የሚጎዳው ሩቅ ተጓዡ ነው፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ አላቸው፣ ልምምዳቸውም በሳምንት ሁለት ማታ ያህል ነው። ኤልጊንና ስትራንራር በአንድ ሊግ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሰንጠረዡን ቁጥር ስታዩ እያንዳንዱ ክለብ ስንት ጨዋታ እንዳደረገ አብራችሁ እዩ።

«የጁላይ ጨዋታዎች የወዳጅነት ናቸው።» የሊግ ካፑ ምድብ ጨዋታዎች ናቸው፤ አምስት አምስት ክለብ ያላቸው ስምንት ምድቦች። ማሸነፍ 3 ነጥብ ነው፤ አቻ ሲሆን ለሁለቱም አንድ አንድ፣ መለያ ምቱን ላሸነፈው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ቢሆንም ከእነዚህ ተነስታችሁ የሊግ ቱውን ሻምፒዮን አትገምቱ። አሠልጣኙ ገና ቡድኑን እያዋቀረ ነው፤ ከላይኞቹ ክለቦች በውሰት የሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ነው የሚደርሱት። እውነተኛው ቡድን የሚታየው ከሴፕቴምበር አጋማሽ ወዲህ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚከታተሉ የሰዓቱንም ስህተት ላርም። የቅዳሜ ጨዋታ በስኮትላንድ ከቀኑ በ15:00 የሚጀምር ከሆነ በበጋቸው በእኛ 11 ሰዓት ላይ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ እስከ ማርች የመጨረሻ እሑድም እንደዚያው ይቆያል።