የላቦራቶሪ እንስሳት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሮቦት ምንድን ነው?

ስቴሪዮታክሲክ ሮቦት ማደንዘዣ የተሰጠውን የላቦራቶሪ እንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጥን፣ የራስ ቅል እየለካ የሚሰረስርና በተመረጠው የአንጎል ክፍል መርፌ ወይም ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበል ወይም የሚሰጥ ቀጭን ሽቦ) የሚያስገባ፣ በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ከሮቦቱ እጅግ ይቀድማል፤ የቀዶ ሐኪሙ ቪክተር ሆርስሊ እና ባልደረባው ሮበርት ክላርክ በ1908 እ.ኤ.አ. የእንስሳን ጭንቅላት አጥብቆ የሚይዝና በሦስት አቅጣጫ ተለክቶ ወደ ታወቀ ነጥብ መርፌ የሚያደርስ ፍሬም ለንደን ላይ አስተዋውቀው ነበር። ሮቦቱ በእጅ ይዞሩ የነበሩትን የዚያን ፍሬም ብሎኖች በሞተር ተክቷል።

የትንሿ አይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከጅማ ገበያ ከተገዙ ጥቂት የደረቁ የቡና ፍሬዎች ክብደት አይበልጥም። በዚያ ውስጥ የሚፈለገው ክፍል ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ልኬቱ የሚጀምረው የራስ ቅል አጥንቶች መጋጠሚያ ከሆነው ብሬግማ ነው፤ ከእሱ ወደ ኋላ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ላምዳ የተባለው ሌላ መጋጠሚያ ይገኛል። ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ ጭንቅላቱ አዘንብሏል ማለት ነው። ልዩነቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች የወረደ መርፌ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይስታል፤ ይህም የታለመውን ክፍል ጨርሶ ለመሳት ይበቃል። ሮቦቱ ሁለቱን ነጥቦች ለክቶ ዝንባሌውን በስሌት ያርማል፤ ትልቁ ጥቅሙም በእኔ እምነት ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ነው።

ስርሰራው ሌላው አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ አጥንቱ ስስ ሲሆን ከሥሩ ያለው የአንጎል ሽፋንና የደም ሥር መጎዳት የለበትም። በአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የቀረበው ክሬኒዮቦት የተባለ ሮቦት በቅድሚያ የራስ ቅሉን ገጽ በብዙ ነጥቦች ዳስሶ ይለካል፣ ከዚያም የአጥንቱን ጉብታ ተከትሎ ይቆርጣል።

የአንጎል አትላስ፣ ማለትም የእያንዳንዱን የአንጎል ክፍል ቦታ በልኬት የሚያሳየው ካርታ፣ ግን የተወሰኑ እንስሳትን መነሻ አድርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ በዕድሜና በዝርያ የሚለይ እንስሳ ሁሉ ከእሱ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ መርፌው የት እንዳረፈ አንጎሉን ቀጫጭን አድርጎ በመቁረጥ በማይክሮስኮፕ መረጋገጥ አለበት። በስህተት የሚባክን እንስሳ ማነሱ የሳይንስ ሰዎቹ ራስል እና በርች በ1959 እ.ኤ.አ. ካቀረቡት፣ እንስሳትን በሌላ ዘዴ የመተካት፣ ቁጥራቸውን የመቀነስና አያያዛቸውን የማሻሻል መርህ ጋር ይስማማል፤ ሕመምን መከላከልና የሰውነት ሙቀትን መጠበቅ ግን እስካሁንም በዋናነት የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምህንድስና ለሚማር ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ተራ ፍሬም ላይ ስቴፐር ሞተር (በትናንሽ እርምጃዎች የሚዞር ሞተር) መግጠም ከሙያው የሚጠበቅ ሥራ ነውና። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እንዲህ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የነበረበትን ቦታ ስለማያስታውስ፣ ከመጀመሪያው ንድፍ አንስቶ መጠባበቂያ ባትሪ ሊታሰብለት ይገባል። ያም ሆኖ ኃይል ከተቋረጠ መሰርሰሪያው በእጅ ወደ ላይ ይነሣና ብሬግማ እንደገና ይለካል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ እንስሳው ከማደንዘዣው ሳይነቃ መጠናቀቅ አለበት።