«ስፔስ» ምንድን ነው? ፈረስ ለምን አራት ካሬ ይይዛል?

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ በዳይስና በካርታ የሚጫወቱትን የተረት ጨዋታ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ካርታው ላይ አንዱ ካሬ 5 ጫማ በ5 ጫማ ነው፣ በየጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ሰው አንድ ካሬ ይይዛል። ፈረስ ግን አራት፣ ማለትም 10 በ10። ሦስት ሜትር የሚሰፋ ፈረስ ማን አይቶ ያውቃል?

ማንም። ደንቡም እንዲህ አይልም። ስፔስ ማለት ፍጡሩ በውጊያ ላይ የሚቆጣጠረው መሬት ነው እንጂ የገላው ልክ አይደለም። ፈረስ በውጊያ መሃል ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይዞራል፣ ይራገጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ እና ያ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። የሰውም ትከሻ ቢሆን አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ግን 5 ጫማ ስፋት ያለው በር ላይ መሣሪያ ይዞ ከቆመ ጠላት በጎኑ ሾልኮ አያልፍም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የደንቡ ሦስተኛ እትም ፈረስ 5 በ10 ነበር፣ ቅርጹን የተከተለ። ይሄ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ግን ፈረሱ በዞረ ቁጥር ፊቱ ወዴት ነው፣ ጅራቱ የማን ካሬ ላይ አረፈ እያሉ መከራከር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 3.5 እትም ስፔሱን ጎኖቹ እኩል የሆነ ካሬ አደረገው። እኔ ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ፣ ጨዋታውን በጣም አቅልሎታል።

በአምስተኛው እትም ፍጡሮች በመጠን ይመደባሉ፤ እንደ ፈረስ ያለው ላርጅ የሚባለው 10 በ10፣ ከሱ የሚገዝፈው ሂዩጅ 15 በ15፣ ከሁሉም የሚገዝፈው ጋርጋንችዋን 20 በ20 ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። እዚህ ጋ ቁጠሩልኝ። አንድን ሰው ስምንት ሰዎች ይከቡታል። ላርጁን 12፣ ሂዩጁን 16፣ ጋርጋንችዋን የሆነውን ዘንዶ 20። ስለዚህ መግዘፍ ዋጋ ያስከፍላል፣ ብዙ ሰይፍ በአንዴ ይደርስብሃል። በተቃራኒው አራት ኦገሮች (ላርጅ የሆኑ ሰው መሰል ጭራቆች) አንድን ተዋጊ ከከበቡት ጓደኞቹ ገብተው የሚረዱበት ቦታ ብዙም አይተርፍም።

ጠባብ መተላለፊያስ? እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአምስተኛው እትም መጽሐፍ ላርጅ ፍጡር 5 ጫማ በሚሰፋ መንገድ ተጨናንቆ ማለፍ ይችላል። ግን አንዱን ጫማ ለመራመድ ሁለት ያወጣል፣ ሲመታ ሁለት ዳይስ ጥሎ ያነሰውን ይወስዳል፣ እሱን የሚመቱት ደግሞ የበለጠውን ይወስዳሉ። ለደካማ ቡድን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፣ ኦገሩን ወደዚያ መሳብ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አታምታቱ። ስፔስ እና ክንዱ የሚደርስበት ርቀት የተለያዩ ናቸው። ያው ኦገር አራት ካሬ ይይዛል፣ በ2014ቱ መጽሐፍ ዱላው የሚደርሰው ግን እንደ ሰው ሰይፍ 5 ጫማ ነው።