ኤሲው ላይ ያለው ቁጥር ፍጥነት አይደለም

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት ነው፦ «ኤሲውን 16 ላይ ብናደርገው ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል?» አይቀዘቅዝም። ቁጥሩ ማሽኑ የት ሲደርስ እንደሚያርፍ ነው የሚነግረው፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ አይደለም።

እንበል የካቲት ላይ፣ እዚሁ ጅማ፣ ከሰዓት ሳሎናችሁ 29 ዲግሪ ገባ። መደበኛው ኤሲ 24 ላይም አድርጉት 16 ላይ የሚሠራው በእኩል ጉልበት ነው፤ ቤቱ 24 ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ያርፋል፣ ሌላው ቆጣሪውን እያስሮጠ ይቀጥላል፣ ልጆቹም ይበርዳቸዋል። ይሄ እርግጥ ነው።

ኢንቨርተር የሚባለው ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀያይር ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የሚመቸው ዲግሪም እንደየሰዉ ነው፤ ለብዙ ሰው ከ24 እስከ 26 ይበቃል። ማታ ማታ ግን ጅማ ራሷ ትቀዘቅዛለች፣ እባካችሁ መጀመሪያ መስኮት ክፈቱ።